አስቴር ጋኖ፦ ከዳኞች ጠረጴዛ ያልደረሱት መምህርት



መጻሕፍት ተወዳድረው ሲሸለሙ ወሬው ሁሉ ስለ አሸናፊው ነው። ዕጩዎቹ ከየት መጡ? ማንስ ለያቸው? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ይህን ጥያቄ ይዘን የአንዲት መምህርትን ሕይወት ልናነሳ ወደድን። ታሪካቸው የሚጀምረው እዚሁ ጎረቤታችን ሊሙ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ ተወለዱ። ሲወለዱ ነፃ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋቸው። ዛሬ ሊሙ ሲባል ቡናው ነው ትዝ የሚለን። በዚያ ዘመን ግን በሊሙ፣ በጎማና በጌራ የሰው ንግድ የደራ ነበር። ዛሬ የጅማ ከተማ በቆመችበት በሂርማታ ገበያም ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። አስቴር በ1886 ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ሊወሰዱ ሲሉ የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙት። እሳቸውም ነፃ ወጥተው ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብን አገኙ። ኦነሲሞስም የኢሉባቦር ተወላጅ ሲሆኑ በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ሲነሱ ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸው ነበርና አስቴርን የሥራ ጓደኛቸው አደረጓቸው። አስቴር መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ሠሩ። ከዚያም አልፈው 500 ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈሩ። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። እስቲ አስቡት! ከቤት ንብረት ተነጥቃ የተወሰደች ልጅ የአገሯን ተረት ይዛ ወጥታ ለፊደል ቆጣሪ አበቃችው።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። በርዕስ ገጹ ላይ የተጻፈው የተርጓሚ ስም ግን የኦነሲሞስ ብቻ ነበር። በ1904 አስቴር ከነኦነሲሞስ ጋር ወለጋ ገቡ፤ ነጆም በመምህርነት አገለገሉ። ያረፉት በ1964 ነው።

ያ ዓመት ለጥያቄያችን ይጠቅመናል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት መስጠት የተጀመረው በዚያው በ1964 ነው። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያው ተሸላሚ ከበደ ሚካኤል ነበሩ። ይገባቸዋል እንላለን፤ በታሪክና ምሳሌ ያልተማረ የዚያ ዘመን ተማሪ ማን አለ? ነገር ግን ዘርፉ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስለተባለ፣ ዳኞቹ አንድም ገጽ ሳይገልጡ የኦሮምኛው ሥራ ከውድድሩ ውጭ ሆኗል።

የአስቴር ሥራ ሌሎች ወንፊቶችንም አያልፍም ነበር። ዳኛ የሚያነበው የታተመውን ነው፤ አስቴርና ኦነሲሞስ በኋላ ያሰባሰቡት ብዙ ዘፈንና ተረት ግን ሳይታተም ቀረ። ዳኛ የሚሸልመው ስሙ የተጻፈውን ነው፤ የአስቴር ስም ደግሞ ከርዕስ ገጹ ላይ የለም። መቼም የቡና አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቀማሹ የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚፈርደው ናሙናው ለደረሰው ቡና ነው። ናሙናው ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ካልተላከ፣ ያ ቡና መጥፎ ነው ማለት ነው እንዴ?

ስለዚህ ሃያሲ ዕጩ ሲመርጥ ከማንበቡ በፊት ምን እንዳልቀረበለት መጠየቅ አለበት እንላለን። በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ ቀረ? በእጅ ጽሑፍ የተቀመጠ አለ ወይ? ከደራሲው ጀርባ የሠራ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን?

ጥያቄው ለእኛም ለዕጩ መምህራን ነው። ነገ ጌራ ወይም ሰቃ ተመድበን የተማሪዎቻችንን ድርሰት ማወዳደራችን አይቀርም። ጥሩ የሚጽፈውን ብቻ ሳይሆን ጥሩ የምትተርከውንም እንስማ። ከአያት ከእናት የሰበሰብነውን ተረት በክፍል ስናነብም፣ ተራኪዋ ከፈቀደች ስሟን ከላይ እንጻፍላት። ጊዜው ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። አስቴር ጋኖ ያንን አላገኙም።