ኤድ ሎው፦ ከድመት ሳጥን ሀብት ያወጣው ሰው

ድመት ቤት ውስጥ የምታሳድጉ ልጆች ይሄን ታውቁታላችሁ። አሸዋዋን ለመጣል ከስር የነጠፋችሁትን ላስቲክ አራት ጫፉን ሰብስባችሁ ብድግ ስታደርጉት፣ ለካ በጥፍሯ በሳስታው ኖሯል፣ የረጠበው ሁሉ ወለሉ ላይ ዝርግፍ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሽታ አንነግራችሁም።

ዛሬ የምናወራላችሁ ሰው ዕድሜውን ስለዚህች ሳጥን ሲያስብ የኖረ ነው። ኤድ ሎው ይባላል። ድመት ከጓሮ ወጥታ ሶፋ ላይ እንድትተኛ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። የማጽዳቱን ጣጣም እሱ ነው ያመጣብን ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም።

ኤድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። ያደገው ግን በሚሺጋን ግዛት ካሶፖሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የልጅነት ጊዜው አሜሪካ በኢኮኖሚ ቀውስ ከተመታችበት ዘመን ጋር ገጠመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገብቶ አገለገለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ካሶፖሊስ ተመልሶ አባቱ ሥራ ውስጥ ገባ።

የአባቱ ሥራ ምን ነበር? ለፋብሪካዎች ሰጋቱራ ማቅረብ። ማሽን ያለበት ቦታ ዘይትና ግራሶ ይፈሳል፤ ወለሉ እንዳያንሸራትት ሰጋቱራ ይበተንበታል፣ ዘይቱን ሲመጥ ተጠርጎ ይጣላል። ችግሩ ዘይት የጠጣ ሰጋቱራ እሳት ወዳጅ መሆኑ ነው። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ አባትየው በእሳት የማይቀጣጠል ሌላ ነገር ጨምሮ መሸጥ ጀመረ፤ በምድጃ ደርቆ እንደ ጠጠር የተሰባበረ፣ ፈሳሽ የሚመጥ የሸክላ አፈር። ፉለርስ ኧርዝ ይሉታል። ኤድ ይሄን አፈር መኪናው ኋላ ጭኖ ይዞራል፣ ገበያው ግን ያን ያህል አልነበረም።

ጥር 1947 ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው።

ሚሺጋን በጥር ወር ቅዝቃዜዋ ሌላ ነው። አንዲት ጎረቤታቸው ድመት ነበራት። ለድመቷ ሳጥን አሸዋ ትጠቀም ነበር፣ ግን ውጭ የተከመረው አሸዋዋ በረዶ ሆኖ ደርቆ አልዛቅ አላት። ምን ታድርግ፣ አመድ አደረገችላት። ድመቷም አመዱን ረግጣ ቤቱን ሁሉ በጥቋቁር የእግር አሻራ ሞላችው። (አመድና ድመት በእኛም አገር የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ ምድጃ ያለበት ቤት ያደገ ሰው የምንለው ይገባዋል።) ሴትየዋ ትንሽ አሸዋ እንዲሰጧት ለመጠየቅ ወደ ሎዎች ቤት መጣች።

ኤድ አሸዋውን ትቶ ያንን የሸክላ አፈር ሰጣት። እስቲ ሞክሪው ብሎ ነው፤ ሌላ ምንም አላሰበም። ሴትየዋ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሳ መጣች። ሌላ ጨምርልኝ አለችው። አሸዋ አይሆንላትም፣ አመድማ ጭራሽ። ያንን ብቻ ነው የምትፈልገው።

ለምን እንደሠራላት ለማወቅ ትንሽ ስለ ድመት ማወቅ ያስፈልጋል። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ዛሬም በኢትዮጵያ ጭምር የሚገኝ እንስሳ ነው። በደረቅ አገር የኖረ እንስሳ ውሃ አያባክንም፣ ስለዚህ ሽንቱ በጣም የተጠራቀመና ጠንካራ ነው። ሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት አሞኒያ ይወጣል። ያ አፍንጫ የሚበሳው ሽታ እሱ ነው። አሸዋ ደግሞ አይመጥም፤ ፈሳሹ በጠጠሮቹ መሀል ሾልኮ ሳጥኑ ስር ይጠራቀማል። የሸክላ አፈሩ ግን ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ፈሳሹን ጠጥቶ ይይዘዋል፣ ሽታውንም ያፍናል። እግር ላይም እንደ አመድ አይለጠፍም። ድመቷ ራሷ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት ትጭረዋለች፣ ትቀብረዋለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚባለው እዚህ ላይ ለጥቅም ዋለ።

እንግዲህ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ለጎረቤቱ ጥሩ ነገር አድርጎ ይረሳዋል። ኤድ አልረሳውም። አንዲት ሴት ከወደደችው ሌላውስ ለምን አይወደውም ብሎ አሰበ። አሥር ቡናማ የወረቀት ከረጢቶች ወሰደ፣ በእያንዳንዳቸው 5 ፓውንድ (2 ኪሎ ከሩብ ገደማ) አፈር ሞላ፣ በእጁ ኪቲ ሊተር ብሎ ጻፈባቸውና በአካባቢው ወዳለ የቤት እንስሳት ሱቅ ይዟቸው ሄደ። ዋጋቸው? አንዱ ከረጢት 65 ሳንቲም።

ባለሱቁ አልተቀበለውም። እውነቱን ነው እኮ። አሸዋ በዚያን ጊዜ በፓውንድ አንድ ሳንቲም ይገኛል። የኤድ አፈር በፓውንድ 13 ሳንቲም ማለት ነው። አሥራ ሦስት እጥፍ! ለዚያውም ድመት ሸንታበት ለሚጣል አፈር። ማን እብድ ነው የሚገዛው?

ኤድ አልተከራከረም። እንግዲያው በነፃ ስጥልኝ አለው። ባለሱቁ ለደንበኞቹ በነፃ አደላቸው። ሰዎቹ ሲመለሱ ግን ገንዘብ አውጥተው መግዛት ፈለጉ። አንዴ ቤቷ ሽታ የሌለበት ሴት ወደ አሸዋ አትመለስማ።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ነው እኛን ይበልጥ የገረመን። ኤድ ቢሮ ከፍቶ አልተቀመጠም። ሼቭሮሌት መኪናውን አፈር ሞልቶ ከከተማ ከተማ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞረ። የድመት ኤግዚቢሽኖችም ላይ ይገኝ ነበር። እዚያ ብዙ ድመት አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ሽታውን አስቡት። ኤድ ከአዘጋጆቹ ጋር ይስማማል፤ ምርቱን የሚያሳይበት ቦታ ይሰጡታል፣ እሱ ደግሞ በምትኩ የድመቶቹን ሳጥን ያጸዳል። አዎ፣ በገዛ እጁ። የባሕር ኃይል ወታደር የነበረ ጎረምሳ የሰው ድመት ኩስ እየዛቀ። አስቡት እስቲ፣ እኛ ሰፈር ቢሆን ምን ስም ይወጣለት ነበር? ግን ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም፤ አዳራሹ ሲገባበት የነበረው ሽታና ኤድ ካለፈበት በኋላ ያለው ሽታ ልዩነቱን ሁሉም በራሱ አፍንጫ ያውቀዋል።

ከዚያ በፊት ድመት በአብዛኛው የውጭ እንስሳ ነበረች። ማታ ማታ ወደ ውጭ ትወጣለች፣ ጉዳይዋን እዚያው ጨርሳ ትመለሳለች። ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነበር። የኤድ አፈር ይሄን ቀየረው። አፓርትመንት ላይ የሚኖር ሰው ድመት ማሳደግ ቻለ። በ1964 ደግሞ ታይዲ ካት የተባለውን ምርት አወጣ፤ ስሙ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አለ። በ1980ዎቹ ደግሞ ቤንቶናይት ከሚባል ሌላ የሸክላ ዓይነት የሚሠራ፣ ሲረጥብ ተጓጉሎ እንደ ድንች የሚሆን አሸዋ መጣ።

አሁን ወደ ላስቲኩ እንመለስ፤ ምክንያቱም የትኛው አሸዋ እንዳላችሁ ካላወቃችሁ ላስቲክ መምረጥ አትችሉም።

እንደ ኤድ የመጀመሪያው አፈር የማይጓጎል ከሆነ፣ እርጥቡን ከደረቁ ለይታችሁ ማውጣት ስለማትችሉ በየጊዜው ሙሉውን ነው የምትጥሉት። ላስቲክ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ሰብስቦ፣ ቋጥሮ፣ መጣል። የሚጓጎለው ከሆነ ግን በየቀኑ የሚዛቀው ጉብታው ብቻ ነው። መዛቂያው ደግሞ ላስቲኩን እየጫረ ይቀደዋል። ለዚህኛው ላስቲኩ ቢቀርባችሁ ይሻላል፤ ሳጥኑን አልፎ አልፎ በሳሙና ማጠብ ይበቃል።

ላስቲክ ካስፈለጋችሁ ወፍራሙን ፈልጉ። ስስ የሱቅ ፌስታል የድመት ጥፍር አንድ ቀን አይችልም፤ ከቀዳዳው ሽንቱ ወደ ስር ይወርዳል፣ ከላስቲኩና ከሳጥኑ መሀል ተኝቶ ይሸታል፣ እናንተ ደግሞ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባችኋል። ወፍራም የቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ይሻላል። ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጠርዙ ከሳጥኑ ውጭ ተገልብጦ እንዲወርድና እንዲወጠር። ከተሸበሸበ እጥፋቱ ውስጥ ሽንት ይቋጥራል፣ የድመቷም ጥፍር የሚይዘው እጥፋቱን ነው። አፉ ላይ ማሰሪያ ክር ያለው ከሆነ ስታነሱት ይመቻል። ሽቶ ያለውን ተዉት፤ ለእናንተ ጥሩ የሸተተው ለእሷ አፍንጫ ከባድ ነው። አሸዋውም ጥልቀት ይኑረው፣ አምስት ሴንቲሜትር ያህል፤ ስስ ከሆነ ስትጭር ቶሎ ላስቲኩ ጋ ትደርሳለች።

ደግሞ አንዳንድ ድመት ላስቲክ ጭራሽ አትወድም። ድምፁ፣ እግሯ ስር መንሸራተቱ ይረብሻታል። ላስቲክ ካነጠፋችሁ በኋላ ምንጣፍ ላይ መሽናት ከጀመረች አትቆጧት፣ ላስቲኩን አንሱላት። እምቢታዋን የምትናገርበት ሌላ መንገድ የላትም። ላስቲክ ለእኛ ድካም መቀነሻ እንጂ ለእሷ ምንም አይጨምርላትም።

አንድ ነገር ግን ጨዋታ አይደለም። የድመት ኩስ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት፣ በተለይም ለፅንሱ አደገኛ ነው። ተሕዋሱ ከድመቷ እንደወጣ ወዲያው አይተላለፍም፣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጸዳ ሳጥን አደጋው በጣም ያንሳል። ላስቲክ አለ ብሎ ሳምንት ሙሉ አከማችቶ አንዴ መጣል ነው ችግሩ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሥራውን ሌላ ሰው ይውሰድላት፤ ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት ታድርግ፣ ከዚያም እጇን በሳሙና በደንብ ትታጠብ።

ወደ ኤድ እንመለስና እንጨርስ። ያቺ አሥር ከረጢት ትልቅ ኩባንያ ሆነች። ሀብታም ሲሆንም ካሶፖሊስን አልለቀቀም፤ በከተማዋ አጠገብ ቢግ ሮክ ቫሊ የሚባል ሰፊ መሬት ገዛ። በ1985 ከባለቤቱ ከዳርሊን ጋር በስሙ የሚጠራ ፋውንዴሽን አቋቋመ። ዓላማው ልክ እንደ እሱ ትንሽ ነገር ይዘው ሥራ የጀመሩ ሰዎችን መደገፍ ነበር። የሚገርመው የእሱ ዋና ጭንቀት ሥራ መጀመሩ ላይ አልነበረም፤ ሥራው ተጀምሮ፣ ሠራተኛ ተቀጥሮ፣ ባለቤቱ ብቻውን ከውሳኔ ጋር ሲፋጠጥ ያለው ጊዜ ነው። በመኪና አፈር ጭኖ ሲዞር የኖረ ሰው ይሄን ብቸኝነት ያውቀዋል።

በ1990 ኩባንያውን ለባለሀብቶች ሸጠው። ዋጋው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 1995 (በእነሱ አቆጣጠር) ፍሎሪዳ ግዛት፣ ሳራሶታ ውስጥ በ75 ዓመቱ አረፈ። ፋውንዴሽኑ ዛሬም ካሶፖሊስ አጠገብ ባለው በዚያው መሬት ላይ ሥራውን ይሠራል።

ድመት ያላችሁ፣ እናንተ ላስቲክ ታነጥፋላችሁ ወይስ ያለ ላስቲክ ነው? አሸዋ ውድ ሆኖባችሁ ሰጋቱራ የሞከራችሁም ካላችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፉልን።