ሊዮንሃርድ ሴፓላ፦ ከፍርሃቱ ጋር የሮጠው ሰው

«ባልቶ» የሚባለውን የካርቱን ፊልም አይታችኋል አይደል? በበረዶና በውርጭ ውስጥ ለታመሙ ሕፃናት መድኃኒት ይዞ የሚሮጠው ውሻ። ፊልሙ የወጣው በ1995 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሆነ ቀን የሆነ ቻናል ላይ ሳያገኘው አልቀረም። ባልቶ በእውን የኖረ ውሻ መሆኑን፣ ሊዮንሃርድ ሴፓላ ከሚባል ኖርዌጂያዊ ውሾች አንዱ እንደነበረ ያወቅኩት ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የመድኃኒቱ ጉዞ ብዙ ተጽፎለታል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ትልቅ ውድድር ላይ ከተማ ሙሉ ሰው እያወቀ የተሸነፈ ሰው፣ በዓመቱ እዚያው መነሻ መስመር ላይ ጉልበቱ ሳይርድ እንዴት ቆመ?

ሴፓላ የተወለደው በ1877 በሰሜን ኖርዌይ ነው። አባቱ ዓሣ አስጋሪም ብረት ቀጥቃጭም ነበር፤ ልጁም ሁለቱንም ሙያ ተማረ። በ1900 የወርቅ ወሬ ሰምቶ አላስካ ገባ። ኖም በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ወርቅ ከተገኘ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እዚያ የጠበቀው ያፌት ሊንደበርግ የሚባል የአገሩ ልጅ ነበር፤ ወርቁን መጀመሪያ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ፣ አሁን ባለ ኩባንያ። ሴፓላ ለሱ ተቀጠረ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ63 ገደማ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ግን የማይደክም ሰው ነበር ይባላል። በክረምት የኩባንያውን ዕቃ የሚያመላልሰው በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ነበር፤ ጎማ የለውም፣ በረዶው ላይ ይንሸራተታል።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካልገባን የቀረው ታሪክ አይገባንም። ፈረስ ስትጋልብ ልጓም አለህ። በውሻ የበረዶ ጋሪ ላይ ልጓም የሚባል ነገር የለም። ነጂው ከኋላ ይቆማል፤ ውሾቹ ከፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታሰራሉ፤ ከሁሉም ፊት መሪ ውሻ አለ። ወደ ቀኝ «ጂ»፣ ወደ ግራ «ሃው»። መሪህ ድምፅህ ብቻ ነው። ድምፅህ ከተንቀጠቀጠ መሪህ ተንቀጠቀጠ ማለት ነው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ውሾች መሰናክል የሚዘሉበት፣ ዋሻ የሚያልፉበት ውድድር አለ፤ እዚያም ጉዳዩ ያው ነው። ውሻው ሜዳውን አያውቀውም፣ የሚያነበው የሰውየውን ትከሻ፣ እርምጃና ድምፅ ነው። ቤት ግቢ ውስጥ ስህተት የማይሠራ ውሻ ውድድር ላይ ግራ ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ የተለወጠው ሰውየው ነው።

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። በ2019 የስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ58 ውሾችንና የባለቤቶቻቸውን ፀጉር ወስደው ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን መጠን ለኩ። የሁለቱ አብሮ ከፍ፣ አብሮ ዝቅ ይል ነበር። ዝምድናው ደግሞ በውድድር በሚሳተፉት ላይ በረታ። ሴፓላ ይሄን ጥናት አላየም፤ በራሱ ቆዳ ግን ተማረው።

ወደ ኖም እንመለስ። ክረምት ላይ ባሕሩ ይቀዘቅዛል፣ መርከብ አይመጣም፣ ከተማው ለወራት ከዓለም ይቆረጣል። ሰዉ ምን ይሥራ? በ1908 አንድ ትልቅ ውድድር ጀመሩ፤ ከኖም ተነስቶ ካንድል የምትባል መንደር ደርሶ መመለስ፣ በድምሩ 656 ኪሎ ሜትር ገደማ። የየጣቢያው ወሬ በስልክ ይመጣል፣ ከተማው ቁማር ያስይዛል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ቁማር ዓይኔን ይይዘዋል። አስቡት፤ ውሾችህ ላይ ጎረቤትህ፣ አለቃህ፣ ቡና ቤት ያለው ሰው ሁሉ ገንዘቡን አስይዟል። ከዓመታት በፊት በህንድ ገጠር የተሠራ አንድ ጥናት አስታውሳለሁ። ለተሳታፊዎቹ ቀላል ጨዋታዎች ሰጥተው ሽልማቱን እስከ ብዙ ወር ወጪ የሚያህል ገንዘብ ሲያደርሱት፣ በጣም ትልቅ ሽልማት የተሰጣቸው ሰዎች ነጥባቸው ከሌሎቹ ዝቅ አለ። ገንዘቡ ሲበዛ ዓይን ከሥራው ላይ ይነሳና ገንዘቡ ላይ ያርፋል። የኖም መንገድ ላይ ይህ ሁሉ ዕይታ አንድ ነጂ ትከሻ ላይ ነው።

ሴፓላ ውድድሩን እንዲገባ ምክንያት የሆኑት ውሾች የሱ አልነበሩም። በ1913 ሊንደበርግ ከሳይቤሪያ የመጡ ቡችሎች አስገዛ፤ ለታዋቂው አሳሽ ሮአልድ አሙንሰን ሰሜን ዋልታ ጉዞ በስጦታ ሊሰጡ ነበር። ሴፓላ እንዲያሠለጥናቸው ተሰጡት። አሙንሰን ጉዞውን ሲሰርዝ ውሾቹ እሱ ጋ ቀሩ። ትናንሽ ነበሩ። የአላስካ ነጂዎች ብዙዎቹ የለመዱት ትልልቅ ውሻ ነበር።

በ1914 ሴፓላ እነዚህን ይዞ ገባ። ውጤቱ መዓት ነበር። መንገዱን በደንብ አያውቀውም፣ ውሾቹም ልጆች ናቸው። አውሎ ነፋስ መጣ፣ ዱካው ጠፋ፣ ሳያስቡት ባሕሩ ጠርዝ ላይ ካለ ገደል አፋፍ ደረሱ። ሱገን የሚባለው መሪ ውሻ ባይሰማው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። ውሾቹ ግን ብዙ ተጎድተው ነበር፤ መዳፋቸው ተተልትሎ፣ ጥፍራቸው ተነቅሎ፣ ብርድ በልቷቸው። ሴፓላ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። በኋላ ሲያወራ የሚያፍረው በመሸነፉ ሳይሆን፣ እሱን አምነው የሮጡ ውሾች ላይ ባደረሰው ጉዳት ነበር።

እኔ ይሄን ቦታ ደጋግሜ አስባለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ይተወዋል፣ ወይ በሚቀጥለው ሳምንት ስሙን ለማጠብ ሌላ ውድድር ይገባል። ሴፓላ ክረምቱን ሙሉ ውሾቹን አሳረፈ። የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ሥልጠናውን ጀመረ፤ ግን በድብቅ፣ ተመልካች በሌለበት። ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ መንገዱን በክፉ አየርም እያየ። ሰው ሥልጠናውን አያየውም ማለት ደግሞ ማንም ግምት አይሰጠውም ማለት ነው፤ ውርርድ አስያዦቹ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ነው። እኔ እንደምገምተው ይሄ ዘዴ ተፎካካሪን ለማታለል ብቻ አልነበረም። ሰው ሳያየው መንገዱ ላይ መቶ ጊዜ የወደቀ ነጂ፣ ሰው እያየው ሲወድቅ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ቶጎን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። የሱገን ልጅ ነው፤ በ1913 ተወለደ፤ ትንሽና በሽተኛ ቡችላ። ሴፓላ ለሌላ ሰው ሰጠው። ውሻው ግን በመስኮት ዘሎ መስታወት ሰብሮ ሮጦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሥልጠና ቡድኑን እየተከተለ አስቸገረ። ሲሰለቸው ሴፓላ በስምንት ወሩ ጠፍር አሰረበት። በመጀመሪያው ቀን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠ፣ ማታ ላይ ወደ ፊት አልፎ መሪው ጎን ደርሶ ነበር። ቶጎን የሚያውቁ ሰዎች የሚሉት አንድ ነው፤ ሴፓላና ቶጎ አንድ ሐሳብ ይመስሉ ነበር።

በ1915 ሴፓላ ተመለሰ። ከፊቱ የቆመው ጆን ጆንሰን ነው፤ የ1910 እና የ1914 አሸናፊ፣ በቅጽል ስሙ «የብረት ሰው»። የ1910 ሰዓቱ 74 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነበር፤ ያን ክብረ ወሰን ያኔ ማንም አልሰበረውም፣ ሴፓላም ጭምር። ግን በ1915 ያሸነፈው ሴፓላ ነው። በ1916 ደገመው፣ በ1917 ሠለሰው። ከዚያ ጦርነቱ ውድድሩን አቆመው። የተሸነፉ ሰዎች ያወሩትን ሳነብ አንድ ነገር ይደንቀኛል፤ ሲያልፋቸው ሲነዳ አያዩትም ነበር። አይጮህም፣ ጅራፍ አያስጮህም፤ አልፎ አልፎ በምላሱ ትንሽ ድምፅ ያሰማል፣ ውሾቹ ይጨምራሉ። ልቡ ድው ድው ይል እንደነበር አልጠራጠርም። ውሾቹ ጋ የሚደርሰው ግን ያ ትንሽ ድምፅ ብቻ ነበር።

ይሄ ሁሉ በውድድር ነው፤ በ1925 ጥር ላይ ግን ጉዳዩ ቁማር አልነበረም። ኖም ውስጥ ዲፍቴሪያ ገባ፤ ሕፃናት ሲከተቡ «ዘጊ አነዳ» የሚባለው ማለት ነው። ጉሮሮን ዘግቶ የሚገድል በሽታ። የከተማው ብቸኛ ሐኪም ከርቲስ ዌልች የነበረው መድኃኒት ጊዜው አልፎበታል። አንኮሬጅ ውስጥ 300,000 ዩኒት ተገኘ፤ በባቡር እስከ ኔናና መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው 1,085 ኪሎ ሜትር በውሻ ነው። ሃያ ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች ቅብብሎሽ ገቡ፤ በአምስት ቀን ተኩል ውስጥ አደረሱት።

ሴፓላ ያኔ 47 ዓመቱ ነው፣ ቶጎም 12 ዓመት ገደማ፤ ለሚሮጥ ውሻ ሽምግልና ነው። ብቸኛ ልጁ የስምንት ዓመቷ ሲግሪድ በሽታው በገባበት ከተማ ውስጥ ናት። ከባዱና አደገኛው ክፍል ለሱ ተሰጠ። መድኃኒቱን ለመቀበል ወደ ምሥራቅ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። እሱ መንገድ ላይ እያለ ዕቅዱ ተቀየረ፤ ሌሎች ነጂዎች ተጨመሩ፣ መድኃኒቱም ካሰበው ቦታ በፊት እየመጣለት ነው። ይሄን የሚነግረው የለም፣ ያኔ በእጅ የሚያዝ ስልክ የት አለ! ሻክቱሊክ አካባቢ ሄንሪ ኢቫኖፍ የሚባል ነጂ ውሾቹ አጋዘን አይተው ተጠላልፈውበት ቆሟል። ሴፓላ አልፎት ሊሄድ ነበር፤ ማዕበል ከመምጣቱ በፊት ባሕሩን መሻገር ነው ሐሳቡ። ኢቫኖፍ እየጮኸ መድኃኒቱ እሱ ጋ መሆኑን ባይነግረው ኖሮ ባዶውን ይነጉድ ነበር።

ተቀብሎ ዞረ። አሁን ፊቱ ያለው የኖርተን ባሕረ ሰላጤ ነው፤ የቀዘቀዘ ባሕር፣ በነፋስ የሚሰነጠቅ። በዳርቻው መዞር ብዙ ሰዓት ይበላል፤ በበረዶው ላይ ማቋረጥ ግን ወደ ባሕር ተወስዶ መቅረትም አለበት። ጨለማ ነው፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን አልፏል። ነፋሱ እያፏጨ ድምፁን ስለሚወስደው ቶጎን ማዘዝ ራሱ ከባድ ነው። አቋረጠው። የዚያን ቀን በአጠቃላይ 135 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠው ማታ አንድ ዳስ ውስጥ አረፉ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ተነሱ። ጎሎቪን ደርሶ ለቻርሊ ኦልሰን ሲያስረክብ፣ ደርሶ መልሱ 420 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ከሌሎቹ ነጂዎች ማንም የዚህን እኩሌታ አልነዳም።

የመጨረሻውን ዙር ጉናር ካሰን በባልቶ መሪነት አደረሰ። ጋዜጦች ኖም የገባውን ውሻ ነው የያዙት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ የባልቶ ሐውልት ቆመ። ሴፓላ አልተደሰተም፣ አልደበቀውም። የገደል አፋፍን በጸጥታ ያለፈ ሰው በጋዜጣ ፊት ግን ምሬቱን ለዓመታት ይዞ ቆየ። ይሄ ከማውቀው የሴፓላ ታሪክ በጣም ሰው ሰው የሚሸተው ክፍል ነው። በ1926 ውሾቹን ይዞ አሜሪካን ዞረ፤ ኒውዮርክ ላይ አሙንሰን ራሱ፣ ያን ጊዜ ቡችሎቹን ሊወስድ የነበረው ሰው፣ ለቶጎ ሜዳሊያ አጠለቀለት። ቶጎ ሜይን ግዛት ውስጥ በጡረታ ቆይቶ በ1929 ሞተ።

ሴፓላ መወዳደሩን አላቆመም። በ1932 የሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ የውሻ ጋሪ ውድድር ለማሳያ ተካቶ ነበር፤ በ54 ዓመቱ ገባና ካናዳዊውን ኤሚል ሴንት ጎዳርን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ አላስካ፣ ከዚያ ሲያትል። በ1967 ጥር ላይ በ89 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በአላስካ በየዓመቱ የሚካሄድ ኢዲታሮድ የሚባል ረጅም የውሻ ጋሪ ውድድር አለ፤ የተጀመረው በ1973 ነው። አንደኛ ለወጣው ከሚሰጠው ውጪ በሴፓላ ስም የተሰየመ ሌላ ሽልማት አለው። የሚሰጠው በፉክክሩ ውስጥ ሳለ ለውሾቹ ከሁሉ የተሻለ ጥንቃቄ ላደረገ ነጂ ነው።