ኤድዋርድ ኤልስበርግ

ኤድዋርድ ኤልስበርግ (1891–1983 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን፣ መሐንዲስና ደራሲ ነበሩ። የሰመጡ መርከቦችን በማውጣት ይታወቃሉ።

በሴፕቴምበር 1925 ኤስ-51 የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ በብሎክ ደሴት አጠገብ 40 ሜትር ጥልቀት ላይ ሰመጠች፤ 33 መርከበኞችም ሞቱ። የማውጣቱን ሥራ በመሐንዲስነት የመሩት ኤልስበርግ ነበሩ። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ፍሰቱም ኃይለኛ ስለነበር ሥራው በብርዱ ወራት ተቋርጦ በ1926 ቀጠለ። ጠላቂዎች በውሃ ግፊት ከመርከቧ ሥር መተላለፊያ ቆፍረው ሰንሰለት አሳለፉ። አንድ ጊዜ መተላለፊያው ተደርምሶ አንዱን ጠላቂ ውስጡ ቢዘጋበትም፣ ራሱ ቆፍሮ ወጣ። በሰንሰለቱ የታሰሩት ግዙፍ የብረት በርሜሎች አየር ሲሞሉ መርከቧ ተነሣች፤ በጁላይም ወደብ ደረሰች። ኤልስበርግ ራሳቸውም ጠልቀዋል።

በ1942 ወደ ምጽዋ ተላኩ። ጣሊያኖች በ1941 ከተማዋ በእንግሊዞች እጅ ከመውደቋ በፊት መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን አስምጠው ወደቡን ዘግተውት ነበር። ኤልስበርግ በከባድ ሙቀት፣ በጥቂት ሠራተኞችና መሣሪያዎች፣ ሊነሡ አይችሉም የተባሉትን መጠገኛዎች አንሥተው ወደቡን ለሥራ አበቁት። ይህንንም በ1946 በታተመው «ከቀይ ባሕር ፀሐይ በታች» በተሰኘው መጽሐፋቸው ተርከውታል።