የማይን ወንዝ ባለውለታ፦ መሐንዲስ ዊሊያም ሊንድሊ

በፍራንክፈርት የጋሉስ ሰፈር ነዋሪ የሆነ ሰው የጋሉስቫርተን የባቡር ጣቢያ አያጣውም። ጣቢያው ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ካለ የመካከለኛው ዘመን የጥበቃ ማማ ነው። የሰፈሩ ስምም በጥንት ዘመን ወንጀለኞች ይሰቀሉበት ከነበረው ሜዳ ጋር ይያያዛል። ከሰፈሩ በስተደቡብ የማይን ወንዝ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል። ጋሉስ ከጥንቷ ከተማ በስተምዕራብ ይገኛልና፣ ከተማዋ ወደ ወንዙ የምትለቀው ሁሉ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። ይህን ፍሳሽ አስቀድሞ የማጣራቱ ሥራ የወደቀው በዊሊያም ሄርላይን ሊንድሊ ላይ ነው።

ሊንድሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 በሃምቡርግ ተወለዱ። እንግሊዛዊው አባታቸው፣ እርሳቸውም ዊሊያም ሊንድሊ ይባላሉ፣ ከ1842ቱ ታላቅ የእሳት ቃጠሎ በኋላ ለሃምቡርግ የመሬት ውስጥ የፍሳሽ መስመር የዘረጉ ስመ ጥር መሐንዲስ ነበሩ። ልጅየው ሙያውን ከአባታቸው ተምረው በ1873፣ በ20 ዓመታቸው፣ ፍራንክፈርት ገቡ። በዚያው ዓመት ከፎግልስበርግ ተራሮች የተሳበው የምንጭ ውኃ ከተማዋ ደረሰ። የፍሳሽ መስመሩ ግንባታ ደግሞ ከ1867 ጀምሮ እየተካሄደ ነበር። ውኃ በየቤቱ ሲገባ የሽንት ቤት ጉድጓዶች ቀስ በቀስ ተዘጉ፤ መንገዱና ግቢው ጸዳ። ቆሻሻው ግን የትም አልጠፋም፤ ማይን ውስጥ ገባ።

የከተሞችን ሥልጣኔ የሚያወድሱ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፉም። ከፍራንክፈርት በታች ያሉ ሰዎች ግን አቤት አሉ። ከተማዋ ከ1866 ወዲህ በፕሩስያ ሥር ነበረችና፣ የፕሩስያ መንግሥት ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዙ እንዳትለቅ ጫና አደረገባት። ማጣሪያው የተወለደው እንግዲህ ከከተማዋ ቸርነት ሳይሆን ከጎረቤት አቤቱታና ከመንግሥት ትእዛዝ ነው።

ነገሩን ያከበደው ሌላም ምክንያት ነበር። ከ1883 እስከ 1886 ባለው ጊዜ ትላልቅ መርከቦች እንዲያልፉ ከፍራንክፈርት እስከ ራይን መጋጠሚያ በማይን ላይ አምስት ግድቦች ተሠሩ። ሊንድሊ የመሩት የምዕራብ ወደብም በ1886 ተከፈተ። ግድብ ግን የወንዝን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ወንዙ ይዞት ይሄድ የነበረውን ቆሻሻ እዚያው ያስቀምጠዋል። የአባ ሳሙኤልን ሐይቅ ያየ አዲስ አበቤ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአቃቂ ወንዝ ላይ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተገደበው ያ ውኃ የከተማው ፍሳሽ ማረፊያና የእምቦጭ ማሳ ሆኗል።

በ1887 ከወንዙ ማዶ በኒደራድ የተከፈተው ማጣሪያ በአውሮፓ ዋና ምድር ከሁሉ ቀዳሚው ነበር። የሰሜኑ ዳርቻ ፍሳሽ በወንዙ ወለል ሥር በቧንቧ እየተሻገረ ወደ ማጣሪያው ይገባል። በመጀመሪያ በፍርግርግ አልፎ ግዙፉን ጉድፍ ይተዋል። ከዚያም አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ተጨምሮበት፣ ከመሬት በታች በጡብ ቅስት በተሠሩ ረጃጅም ገንዳዎች ውስጥ በዝግታ ሲጓዝ ዝቃጩ ወደ ታች ይቀራል። ዘዴው በውኃው የሟሟውን አያስወግድም ነበር፤ ወንዙን ሙሉ በሙሉ አዳነው ማለት ማጋነን ነው። ሆኖም በ1892 ሃምቡርግ የኤልበን ውኃ ሳታጣራ በመጠጣቷ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ሲሞትባት፣ የወንዝ ብክለት የሽታ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ለሁሉም ታየ። አባትየው ሊንድሊ የፍሳሽ መስመር የዘረጉላት ከተማ መሆኗ ነገሩን ይበልጥ መራራ ያደርገዋል።

ጋሉስ በበኩሉ በእነዚያው ዓመታት መልኩን ለወጠ። በ1888 ዋናው ባቡር ጣቢያ በአጠገቡ ተከፈተ፤ በ1889 የአድለር ብስክሌት ፋብሪካ ወደ ሰፈሩ መጣ፤ ሠራተኞችም ተከተሉ። የከተማው ሰው ሰፈሩን በጀርመን ቅኝ ግዛት ስም «ካሜሩን» ይለው ጀመር፤ አጠራሩ ከአክብሮት የመነጨ አይመስልም። ወደ ምዕራብ ወረድ ብሎ ደግሞ የግሪስሃይምና የሆኽስት ኬሚካል ፋብሪካዎች ነበሩ፤ እነዚህ በሊንድሊ ሥልጣን ሥር አልነበሩም።

ሊንድሊ በኋላ የከተማውን ሥራ ለቀው በዋርሶና በሌሎች ከተሞች ሠርተዋል። የነደፉት የፕራግ ማጣሪያ በ1906 ሥራ ጀምሮ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። በ1911 የብሪታንያ ንጉሥ የ«ሰር» ማዕረግ ሰጧቸው። ከካውካሰስ ተራሮች ግርጌ ወደ ባኩ የዘረጉት ረጅም የውኃ መስመር ከተማዋ የደረሰው በ1917 ነው። እርሳቸውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለንደን ውስጥ አረፉ።