ሰር ፋቢያን ዌር፤ የወታደር መቃብር አደራ ጠባቂ



እንደ ልማዳችን በዚህ ዓመት እትማችን ላይም የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ ስንነሣ የመረጥነው ሰው ጦር መርቶ ድል ያደረገ ጄኔራል ወይም አገር የገዛ ንጉሥ አይደለም። የእኚህ ሰው ሥራ እንደ እኛው ማስቀበር፣ መመዝገብና ማስታወስ ነበር። ልዩነቱ እኛ የምናስቀብረው የሰፈራችንን ሰው ሲሆን፣ እሳቸው ግን በየጦር ሜዳው የወደቁ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወታደሮችን ስም አደራ የተረከቡ መሆናቸው ነው።

ይህን ታሪክ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ አንዲት እናት አባላችን ከመቀመጫቸው ተነሥተው የተናገሩትን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ልጃቸው ዘመተ፣ በዚያው ቀረ። መርዶ መጣ፣ ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ሠልስቱም ወጣ። ስሙ ግን በዕድራችን መዝገብ ላይ የለም፤ ምክንያቱም መዝገባችን የሚይዘው በእጃችን አፈር ያለበስናቸውን ብቻ ነው። እናትዬዋ የጠየቁት ገንዘብ አይደለም፤ ስሙ ይጻፍልኝ ነው ያሉት። ከመካከላችን የደገፉ ነበሩ። የደረቀ ቁስል መነካካት ነው ያሉም ነበሩ። ይህ በየትኛው ዘመን፣ ያ በየትኛው ወገን ነው የተሰለፈው ተብሎ ጭቅጭቅ ሊነሣ ነው ብለው የሰጉም አልጠፉም። ነገሩ ሳይቆረጥ አደረ። ታዲያ እኛ በአንድ ሰፈር የተከራከርንበትን ጉዳይ ሌላው ዓለም ከመቶ ዓመት በፊት እንዴት አድርጎ እንደ ተከራከረበት ብናይ ይጠቅመናል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፋቢያን ዌር በ1869 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ተወለዱ። ወጣት ሳሉ በመምህርነት እየሠሩ ተማሩ፤ ፓሪስ ድረስ ሄደውም ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ፈረንሳይኛ አሳምረው ይናገሩ ስለ ነበር ይኸው ቋንቋ ኋላ በእጅጉ ጠቅሟቸዋል። በ1901 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግረው በትራንስቫል በትምህርት አስተዳደር ሥራ አገለገሉ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ከ1905 እስከ 1911 ሞርኒንግ ፖስት የተባለው የለንደን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪካቸው የብዙ የተማሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣበት ሥራ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ዌር 45 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልዝመት ብለው ቢጠይቁ ዕድሜዎ ገፍቷል ተብለው ተመለሱ። እሳቸው ግን በዚህ ተስፋ ቆርጠው ቤታቸው አልተቀመጡም፤ በባለሥልጣን ወዳጃቸው በሎርድ ሚልነር አማካይነት የቀይ መስቀል ተንቀሳቃሽ የአምቡላንስ ጓድ መሪ ሆነው ፈረንሳይ ገቡ። ሥራቸው የቆሰሉትን ማንሣት፣ የጠፉትንም መፈለግ ነበር።

በዚያው ዓመት ቤቲዩን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ መካነ መቃብር ውስጥ የእንግሊዝ ወታደሮች መቃብሮች አዩ። በየመቃብሩ ላይ የእንጨት መስቀል ቆሟል፤ ስምም ተጽፏል። ነገር ግን ማን የት እንደ ተቀበረ በመዝገብ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም። እንጨት ይበሰብሳል፣ ጽሕፈት በዝናብ ይለቃል፣ መድፍም ሲወድቅ መቃብሩን ከነመስቀሉ ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ እናት መጥታ ልጄ የት ነው ብትል መልስ የሚሰጣት አይኖርም። ዌር ይህን ሲያዩ ጓዳቸውን መዝገብ አስያዙት። የእያንዳንዱ መቃብር ቦታ፣ ስም፣ ማዕርግና ክፍለ ጦር እየተጠየቀ ይጻፍ ጀመር። በ1915 ሠራዊቱ ሥራቸውን በይፋ ተቀብሎ የራሱ ክፍል አደረገው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር 31,000፣ በ1916 ግንቦት ደግሞ 50,000 ያህል መቃብር ተመዝግቦ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥትም በ1915 መጨረሻ ባወጣው ሕግ ለወደቁት የአጋር አገር ወታደሮች ዘላለማዊ የመቃብር መሬት ሰጠ።

ዌርን በጣም ያሳሰባቸውና የመርሐቸው መሠረት የሆነው ነገር በ1915 ጸደይ ላይ የተፈጸመ ነው። ዊልያም ግላድስተን የሚባል አንድ መቶ አለቃ በጦር ሜዳ ወደቀ። ይህ ልጅ የፓርላማ አባል፣ የቀድሞውም ጠቅላይ ሚኒስትር የልጅ ልጅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሬሳ ቆፍሮ አውጥቶ ወደ አገር መመለስ ተከልክሎ ሳለ፣ የእሱ ግን ከላይ በመጣ ፈቃድ ተቆፍሮ ወጣና በአገሩ ተቀበረ። ከጎኑ የወደቀው የገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ግን እዚያው ቀረ። ዌር ይህን እንዲያው ዝም ብለው አላለፉትም። ሀብታም ልጁን ሲወስድ ድሀ የሚያለቅስበት እንኳን የሚያጣ ከሆነ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ አብረው የሞቱት በሞት ተለያዩ ማለት ነው ብለው አመኑ። ከዚያ ወዲህ ክልከላው ጠበቅ ብሎ እንዲከበር አደረጉ።

በግንቦት 1917 የኢምፓየሩ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በንጉሥ ቻርተር ሲቋቋም ዌር ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ፤ በዚህም ሥልጣን እስከ 1948 ቆዩ። ድርጅቱ ከ1960 ጀምሮ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ይባላል። መርሑ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ማንም ሬሳ ወደ አገር አይመለስም፤ ሁሉም ከጓዶቹ ጋር በወደቀበት አገር ያርፋል። ጄኔራልም ይሁን ተራ ወታደር፣ ሀብታምም ይሁን ድሀ የመቃብር ድንጋዩ አንድ ዓይነት ነው። ድንጋዩ 81 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 38 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ስም፣ ማዕርግ፣ ክፍለ ጦር፣ የሞተበት ቀንና የሃይማኖቱ ምልክት ይቀረጽበታል። መቃብሩ ያልተገኘም ቢሆን ስሙ በመታሰቢያ ግንብ ላይ ይጻፋል እንጂ አይቀርም።

ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ እናቶችን አስለቀሰ። የኤክሰተር ጳጳስ ባለቤት ሌዲ ፍሎረንስ ሴሲል በጦርነቱ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ያጡ ሴት ናቸው። እሳቸውና ሌሎች ብዙ ሺህ ሰዎች በ1919 ለአልጋ ወራሹ አቤቱታ አቀረቡ። በልጆቻችን መቃብር ላይ ቢያንስ የመስቀል ቅርጽ እንድናቆም ይፈቀድልን አሉ። የልጄን ሬሳ ስጡኝ የሚሉም ብዙ ነበሩ። ልጁ የእኔ ነው፣ መንግሥት በሕይወቱ ወሰደው፣ አሁን ደግሞ ሬሳውን ይወስድብኛል ወይ የሚል ኀዘን ነበር። እኛ ይህን ስናነብ እነዚያን እናቶች ተሳስተዋል ለማለት አፋችን አልደፈረም። ሬሳ ሳያይ ያለቀሰ ሰው እርሙን እንዳላወጣ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ክርክሩ በግንቦት 1920 ለፓርላማ ቀረበ። የኮሚሽኑ ደጋፊዎች ያቀረቡት ምክንያት ቀላልና ከባድ ነበር። ለባለጸጋው ከተፈቀደ የድሀው ልጅ መቃብር ባዶውን ይቀራል፤ ያን ጊዜ የጦር መቃብሩ የመንደር ክብር መፎካከሪያ ይሆናል። ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግም ከኮሚሽኑ ጎን ቆሙ። እኚህ ሰው አንድያ ወንድ ልጃቸው ጆን በ1915 በሎስ ጦርነት ገና በ18 ዓመቱ ጠፍቶ፣ መቃብሩን ሳያውቁ የሞቱ አባት ናቸው። መቃብር ያለው ሰው ምን ያህል የታደለ እንደ ሆነ ለሌሎቹ ያስረዱት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ነገሩ ድምፅ ሳይሰጥበት የኮሚሽኑ ሐሳብ ጸና።

ሆኖም ለቤተሰብ አንድ ነገር ተፈቀደ። ከድንጋዩ ግርጌ ከ66 ፊደል ያልበለጠ የራሳቸውን ቃል እንዲያስቀርጹ ሆነ። ለዚህም በመጀመሪያ በፊደል ሦስት ተኩል ፔኒ እንዲከፍሉ ተጠይቀው ነበር። ለድሀ እናት ይህ ከእኩልነቱ ጋር የማይሄድ ነገር ስለ ነበር፣ ኋላ ክፍያው በፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ሆነ።

መቃብር ላልተገኘላቸው በ1927 ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር ከተማ የሜኒን በር ተመረቀ፤ ከ54,000 በላይ ስም ተጽፎበታል። በ1932 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ በቲየፕቫል ከ72,000 በላይ ስም የያዘ ግንብ ቆመ። ሐውልትና ሥርዓት ጦርነትን ማሞገስ ነው ብለው የተቃወሙም ነበሩ። በ1933 የእንግሊዝ የኅብረት ሥራ ሴቶች ማኅበር ለሰላም ነጭ አበባ ማድረግ ጀመረ፤ ከእነዚህም ሴቶች መካከል ባልና ልጅ ያጡ ነበሩበት። ዌር በበኩላቸው መቃብሩ ራሱ የሰላም ስብከት ነው ብለው ያምኑ ነበር። በኮሚሽኑ አጸዶች ውስጥ የጀርመን ወታደሮችም መቃብር ተጠብቆ ይገኛል። በ1930ዎቹ ዓመታት ዌር ከጀርመንና ከፈረንሳይ ጋር የጋራ ኮሚቴ ሠርተው የትናንት ጠላቶች መቃብር ለመቃብር እንዲገናኙ ደከሙ። ምን ያደርጋል፣ በ1939 ሁለተኛው ጦርነት መጣ። መቃብር ጦርነትን ማስቀረት እንደማይችል ያን ጊዜ ታየ።

በዚህ ሁለተኛ ጦርነት ዌር በስተርጅና ወደ ምዝገባው ሥራ ተመለሱ። በቦምብ የሞተው ሲቪል ሕዝብም ስሙ እንዲመዘገብ አስፈቀዱ፤ ከ66,000 በላይ ስም የያዙት መዛግብት ዌስትሚኒስተር አቢ በሚባለው የለንደን ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ወደ እኛም ስንመጣ፣ አገራችን ከጣልያን ነፃ ስትወጣ በተደረገው ዘመቻና በዚያው ጦርነት ጊዜ የሞቱ የኮመንዌልዝ ወታደሮች ያረፉበት፣ ኮሚሽኑ የሚጠብቀው የጦር መቃብር እዚሁ አዲስ አበባ አለ።

አሁን ደግሞ መሸሸግ የሌለበትን ነገር እንናገር። የሰውን ታሪክ ስንጽፍ ሙገሳውን ብቻ ጽፈን ብንሄድ ለማንም አይጠቅምም። ኮሚሽኑ በ2021 ራሱ ባወጣው ጥናት የእኩልነቱ መርሕ በአውሮፓ ምድር እንደ ተጠበቀው በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ እንዳልተጠበቀ አመነ። በአንደኛው ጦርነት ከሞቱት መካከል ቢያንስ 116,000 ሰዎች፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ በስማቸው አልታወሱም ወይም ጭራሹን አልታወሱም። አብዛኞቹ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ጥይትና ምግብ በትከሻቸው ተሸክመው በበሽታና በድካም ያለቁት ጓዝ ተሸካሚዎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በናይሮቢ፣ በሞምባሳና በዳሬሰላም ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በሐውልቱ ላይ ግን የእያንዳንዳቸው ስም የለም። የቅኝ ግዛት ሹማምንት ጥቁር ሰው የመቃብር ድንጋይ ጥቅሙ አይገባውም ብለው ወሰኑ፤ ኮሚሽኑም፣ ዌር እየመሩት ሳለ፣ ይህን ተቀብሎ ሄደ። የእንግሊዝ መንግሥትና ኮሚሽኑ ይቅርታ የጠየቁት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የአንድ የሀብታም ልጅ ሬሳ ተለይቶ መውጣቱ ያንገበገባቸው ሰው፣ ይህን አለማየታቸው ያሳዝናል። እኩልነት ከደጃችን አልፎ እስከ ሩቁ ሰው ካልደረሰ ገና ጎዶሎ ነው።

ሰር ፋቢያን ዌር በሚያዝያ 1949 በ79 ዓመታቸው ዐረፉ። የተቀበሩት በግሎስተርሻየር፣ አምበርሊ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ነው። በመቃብራቸው ላይ ያለው ድንጋይ ለወታደሮቹ ሁሉ ያስቆሙት ዓይነት ድንጋይ ነው። ዛሬ ኮሚሽኑ በሁለቱ ጦርነቶች የሞቱ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መታሰቢያ ከ150 በላይ በሚሆኑ አገሮችና ግዛቶች ይጠብቃል።

እንግዲህ አባሎቻችን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዕድራችን ሲመሠረት ለባለሱቁም ለቀን ሠራተኛውም ያው ድንኳን፣ ያው ወንበር፣ ያው ጡሩምባ ይሁን ተብሎ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ይመስለናል። አንደኛው፣ ስም መጻፍ ጦርነትን ማሞገስ አይደለም፤ ሟቹ በየትኛው ዘመን ዘመተ ብሎ መፍረድም አይደለም። የዌር መዝገብ ጦርነቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም አይልም፤ የሚለው ይህ ሰው ነበረ ነው። ሁለተኛው፣ መጻፍ ከጀመርን መምረጥ የለብንም፤ አንዱን ጽፈን አንዱን ከተውን የተተወው እናት ኀዘን እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። በዕድሩ መዝገብ መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል ተከፍቶ፣ ከአባሎቻችን ቤት ወጥተው በጦር ሜዳ የቀሩት ሁሉ ስማቸው ከነአባታቸው፣ የቀሩበትም ዓመት ይጻፍ። ማዕርግ አይጻፍ፣ ወገን አይጻፍ፣ ለመጻፊያም ሳንቲም አይጠየቅ። በዓመት አንድ ቀን፣ ጠቅላላ ስብሰባችን ሲከፈት፣ ጸሐፊው ተነሥቶ ስማቸውን ያንብብ፤ እኛም ቆመን እንስማ። ያቺ እናት ያን ቀን መቃብር ባያገኙ የልጃቸውን ስም ሲጠራ ይሰማሉ።

በየሜዳው ለቀሩት ሁሉ ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።