ከወፍጮ ሥር የተነሳው መምህር፦ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

ቤተሰቦቻችን፣ ከማሻም ሆናችሁ ከመካነ ሰላም፣ ከከለላም ሆነ ከወግዲ የምታነቡን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ገዛ አገራችን ሰው ነው። ስሙን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በልጅነቱ ትምህርት እምቢ ብሎት እንደነበር ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ፣ ሰግላ በምትባል ቦታ ነው። ያኔ አገሩ አምሐራ ይባል ነበር፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ምድር ማለት ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን የተማረ ካህን ነበር፤ በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበር። እንግዲህ የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ይማራል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል?

አባትየው ልጁን ሐይቅ እስጢፋኖስ አስገባው። ሐይቅ በዘመኑ ትልቁ የትምህርት ቦታ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋመው፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። ከእኛ አካባቢ ደሴን አልፎ እስከ ሐይቅ ያለው መንገድ ዛሬ በመኪና እንኳ ያደክማል። ልጁ ያን ሁሉ ርቆ ሄዶ ግን ትምህርቱ አልገባው አለ።

አንድ ዓመት ሁለት ዓመት አይደለም፤ ሰባት ዓመት! የቆሎ ተማሪ የነበረ ወይም ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ንባቡም ዜማውም ከመምህሩ አፍ እየተቀበሉ በቃል የሚያዝ ነው። ዛሬ የሰማኸውን ነገ ካልደገምከው ወደሚቀጥለው አታልፍም። ጓደኞቹ አንዱን ትምህርት ጨርሰው ሌላውን ሲጀምሩ እሱ እዚያው ነው። በመጨረሻ መምህሩ ልጁን ወደ አባቱ መለሰው። አባቱ ግን አንዴ ለገዳም የሰጠሁትን ልጅ አልቀበልም፣ ካልተማረም ገዳሙን ያገልግል ብሎ መልሶ ላከው።

እናም ወፍጮ ላይ ተመደበ። በዚያ ዘመን ወፍጮ ማለት ድንጋይና መጅ ነው። ተንበርክከህ፣ ወገብህ እስኪንቀጠቀጥ እየገፋህ ነው እህሉ ዱቄት የሚሆነው። በገጠራችን ደግሞ መፍጨት የሴት ሥራ ተደርጎ የሚቆጠር ነው። ሴት በማይገባበት ገዳም ግን ይህን ሥራ ከወንዶቹ አንዱ መሥራት አለበት። የቤተ መንግሥት ካህን ልጅ፣ እኩዮቹ ዜማ ሲያጠኑ እየሰማ፣ ለእነሱ እንጀራ የሚሆነውን እህል ይፈጭ ነበር። ገድሉ እንደሚተርከው አገልግሎቱን በማማረር አልሠራውም። እየፈጨ ይጸልያል፤ ከወፍጮው ሲነሳ ደግሞ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ያለቅሳል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቤተ ክርስቲያን በተአምር ትተርከዋለች፤ ከእመቤታችን የጥበብ ጽዋ ተሰጥቶት ጠጣ፣ አእምሮውም ተከፈተ ትላለች። ከእንግዲህ ያለው ታሪክ ደግሞ በብራና ተጽፎ እጃችን ላይ አለ። ያ ትምህርት ያልገባው ልጅ በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ሆነ። መጽሐፈ ሰዓታት የእሱ ድርሰት ነው፤ ካህናት ሌሊት ቆመው በዜማ የሚያደርሱት ጸሎት። ከግብጽ በትርጉም የመጣውን የሰዓታት ሥርዓት በብዙ ቦታ የተካው ይህ አገር በቀል ድርሰት ነው። አርጋኖን፣ ውዳሴ መስቀልና ፍካሬ ሃይማኖትም በስሙ ይጠራሉ። ትልቁን ሥራውን መጽሐፈ ምስጢርን የጨረሰው በሰኔ 1416 ዓ.ም. ነው። ይህ በየበዓሉ የሚነበብ፣ በዘመኑ የነበሩ የሃይማኖት ክርክሮችን አንድ በአንድ የሚመልስ ወፍራም መጽሐፍ ነው።

ግን ደራሲ ብቻ አልነበረም፤ መምህርም ነበር። በአፄ ዳዊት ዘመን በቤተ መንግሥት አስተምሯል። ኋላ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው ልዑል ከተማሪዎቹ አንዱ እንደነበር በትውፊት ይነገራል። ኑሮው ሁሌ የተመቸ እንዳይመስላችሁ። የቅዳሜ ሰንበት ጉዳይ ካህናቱን ለሁለት በከፈለበት ጊዜ ቅዳሜ ይከበር ካሉት ወገን ቆሟል። በሃይማኖት ክርክር ተከስሶ እንደታሰረም ገድሉ ይናገራል። ያረፈው ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ነው። ይኸው ከ600 ዓመት በኋላም በየዓመቱ ሐምሌ 7 ይታሰባል፤ የጋስጫ ገዳምም በስሙ ይጠራል።

ይህን ታሪክ አሁን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው፣ ፈተናው ላይ እንኳ መቀመጥ ያልቻሉ ብዙ ናቸው። በየሰፈራችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት፣ አለቀልኝ ብሎ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚውል ልጅ አለ።

ለዚያ ልጅ ዝም ብለህ ጠብቅ፣ ተአምር ይመጣል አንልም። አባ ጊዮርጊስም ዝም ብሎ አልጠበቀም። ትምህርቱ እምቢ ባለው ጊዜ እጁ ሥራ አልፈታም፤ ሰው የሚበላውን ይፈጭ ነበር፤ ከትምህርቱ ደጃፍም አልራቀም። የመለሰው መምህር የሚያየው የዚያን ቀኑን ልጅ ብቻ ነበር። ሰባት ዓመት የወደቀ ልጅ በስምንተኛው ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

ይህን ጽሑፍ ሼር ስታደርጉ ውጤት ለመጣለት ጓደኛችሁ ሳይሆን ላልመጣለት ላኩለት። ከቻላችሁ ደግሞ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።