የጉሊዬልሞ ማርኮኒ ሕይወትና በሙዚየም የተጠበቁት የራዲዮ መሣሪያዎች

ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክትን ከሩቅ ለማድረስ በተደረገው ጥረት ውስጥ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ጣሊያናዊው ጉሊዬልሞ ማርኮኒ ነው። እርሱና ያቋቋመው ኩባንያ የሠሩባቸው በርካታ መሣሪያዎች ዛሬ በጣሊያንና በእንግሊዝ ሙዚየሞች ተጠብቀው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ለዚህ የበቁት በቀላሉ አይደለም፤ አንዳንዶቹ በጦርነት ወድመዋል፣ ሌሎቹም በጨረታ ተሽጠው ሊበታተኑ ተቃርበው ነበር። የማርኮኒ የሕይወት ታሪክ ከእነዚህ መሣሪያዎች ዕጣ ጋር ተያይዞ ከዚህ በታች ቀርቧል። ከአዋጅ ቁጥር በቀር የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና የመጀመሪያ ሙከራዎቹ

ማርኮኒ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው የቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ማርኮኒ ባለርስት ነበሩ፤ እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ በአየርላንድ በውስኪ ንግድ ከታወቀ ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመደበኛነት ባይማርም፣ የቦሎኛው የፊዚክስ ሊቅ አውጉስቶ ሪጊ ከቤተ ሙከራና ከመጻሕፍት እንዲጠቀም ረድተውታል።

ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ የኤሌክትሮማግኔት ሞገዶች መኖራቸውን በሙከራ ያረጋገጠው በ1880ዎቹ መጨረሻ ነበር። ኸርዝ በ1894 ሲያርፍ ማርኮኒ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ስለ ሟቹ ሥራ ካነበበ በኋላ ሞገዶቹን መልእክት ለማስተላለፍ መጠቀም ይቻላል የሚል ሐሳብ አደረበት። በፖንቴኪዮ በሚገኘው ቪላ ግሪፎኔ በተባለው የወላጆቹ መኖሪያ ሰገነት ላይም ሙከራውን ጀመረ።

የመጀመሪያው መቀበያው ዋና አካል የኒኬልና የብር ብናኝ የያዘች አነስተኛ የብርጭቆ ቱቦ ነበረች። ሞገዱ ሲደርስባት ብናኙ ተያይዞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርጋት ደግሞ ብናኙ ተለያይቶ ለቀጣዩ ምልክት ይዘጋጃል። ቱቦዋን ከእርሱ በፊት ሌሎች ሊቃውንት ሠርተዋት ነበር። የማርኮኒ ድርሻ እርሷን ማሻሻል፣ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ አንቴናና ከመሬት ጋር ከተገናኘ ሽቦ ጋር ማዋሃድ፣ እንዲሁም ርቀቱን ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ነበር። በ1895 ምልክቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ ተሻግሮ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። መልእክቱ ከማዶ መድረሱ የታወቀው በጠመንጃ ተኩስ እንደነበር ይነገራል።

በእንግሊዝ የተገኘው ድጋፍ

ማርኮኒ በ1896 መሣሪያውን ይዞ ወደ ለንደን ተሻገረ። በዚያው ዓመት የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ አቀረበ፤ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ የነበሩት ዊሊያም ፕሪስም ሙከራዎቹን ደገፉለት። በሜይ 1897 መልእክቱ የብሪስቶልን የባሕር ሰርጥ አቋርጦ ፍላት ሆልም ከተባለች ደሴት ወደ ዌልስ የባሕር ዳርቻ ደረሰ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ተመሠረተ፤ በተከታዩ ዓመት በቼልምስፎርድ ከተማ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በ1899 ደግሞ መልእክት በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ተላለፈ።

ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ማርኮኒ በኒውፋውንድላንድ በሚገኘው ሲግናል ሂል ላይ በካይት የተሰቀለ አንቴና ይዞ፣ ከእንግሊዝ ፖልዱ የተላከውን በሦስት ነጥብ የሚወከል የ«ኤስ» ፊደል ምልክት እንደሰማ አስታወቀ። ርቀቱ ወደ 3,400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ምልክቱን በጆሮ የሰሙት እርሱና ረዳቱ ብቻ ስለነበሩ ግን ብዙ ባለሙያዎች ተጠራጠሩ። ስለዚህ በ1902 ፊላዴልፊያ በተባለች መርከብ አትላንቲክን ሲያቋርጥ፣ ከፖልዱ የሚላኩት መልእክቶች በወረቀት ጥብጣብ ላይ እንዲመዘገቡ አደረገ። ክርክሩ በቃል ምስክርነት ብቻ የሚዘጋ አልነበረም፤ የሚታይና ሊመረመር የሚችል ማስረጃ አስፈለገ።

በ1909 ማርኮኒ ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ መርከብ በሰጠመች ጊዜ የእርዳታ ጥሪውን ያሰሙት በመርከቧ ላይ ይሠሩ የነበሩት የማርኮኒ ኩባንያ ሁለት የራዲዮ ሠራተኞች ነበሩ። ጥሪውን ሰምታ የደረሰችው ካርፓቲያ የተባለች መርከብ ከ700 በላይ ሰዎችን አተረፈች። ከ1,500 የማያንሱ መንገደኞችና ሠራተኞች ግን አለቁ። ከዚያ ወዲህ በመርከቦች ላይ ራዲዮ ሌትና ቀን ያለማቋረጥ እንዲጠበቅ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደረገ።

ከመልእክት ማስተላለፊያነት ወደ ሕዝብ ራዲዮ

ራዲዮ እስከዚያ ድረስ በዋናነት ያገለገለው ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ መልእክት ለማድረስ ነበር። ጁን 15 ቀን 1920 በማርኮኒ ኩባንያ የቼልምስፎርድ ፋብሪካ ታዋቂዋ አውስትራሊያዊት ድምፃዊት ኔሊ ሜልባ ዘፈነች፤ ድምፅዋም በብዙ አገሮች ተሰማ። በፌብሩዋሪ 1922 በቼልምስፎርድ አቅራቢያ በሪትል መንደር በምትገኝ አንዲት የእንጨት ጎጆ ውስጥ 2ኤምቲ የተባለው ጣቢያ መደበኛ የመዝናኛ ሥርጭት ጀመረ። በሜይ ወር ደግሞ በለንደን የማርኮኒ ሕንፃ ላይ 2ኤልኦ የተባለው ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የራዲዮ አምራቾች ተባብረው ባቋቋሙት ቢቢሲ ውስጥ የማርኮኒ ኩባንያ አንዱ መሥራች ሲሆን፣ ቢቢሲ ዕለታዊ ሥርጭቱን በኖቬምበር የጀመረው በዚሁ በ2ኤልኦ ነው። በ1931 የቫቲካን ራዲዮ የተቋቋመውም በማርኮኒ መሪነት ነበር።

ማርኮኒ፣ ፋሺዝምና ኢትዮጵያ

ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ሮያል አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። ጣሊያን ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜም ወረራውን በይፋ ደገፈ።

በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ነበራት። ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሴፕቴምበር 1935፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን ጉዳይ በራዲዮ ለአሜሪካ ሕዝብ አሰሙ። በማርኮኒ ስም የሚታወቀው ቴክኖሎጂ፣ እርሱ የተሰለፈበትን ወረራ ለሚቃወም ሕዝብም ድምፅ ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ የማርኮኒ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የምስጋና ብቻ ታሪክ አይደለም። ባሕር ላይ ሕይወት ያተረፈውን ሥራና ከወራሪ ጎን የቆመውን ሰው አንዱን ለሌላው ሳይደብቁ አብሮ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ማርኮኒ ጁላይ 20 ቀን 1937 በሮም አረፈ። ለመታሰቢያውም የራዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ሥርጭታቸውን አቁመው በዝምታ ቆዩ። አስከሬኑ ዛሬ ወጣትነቱን ባሳለፈበት በቪላ ግሪፎኔ ይገኛል፤ መኖሪያ ቤቱም በስሙ ሙዚየም ሆኗል።

የመሣሪያዎቹ ዕጣ

ማርኮኒ በ1919 ኤሌትራ የተባለች መርከብ ገዝቶ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ አድርጓት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለጦር አገልግሎት አዋሏት፤ በ1944ም በዳልማቲያ የባሕር ዳርቻ ተመትታ ሰጠመች። ስባሪዋ በ1962 ከባሕር ቢወጣም መልሶ ማደስ ሳይቻል ቀረ፤ በ1977 ተቆራርጦ ክፍሎቹ በተለያዩ ቦታዎች ተቀመጡ። ከእነዚህም አንዱ በቪላ ግሪፎኔ ይታያል።

የሪትሏ የእንጨት ጎጆ የተሻለ ዕድል ገጠማት። የራዲዮ ሥራዋ ካበቃ በኋላ ተነሥታ ለትምህርት ቤት አገልግሎት ብትውልም ሳትፈርስ ቆይታ፣ በመጨረሻ በቼልምስፎርድ በሚገኘው የሳንድፎርድ ሚል ሙዚየም ተተከለች። የ2ኤልኦ ማሠራጫ ደግሞ በ2002 ለለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተሰጥቶ በዚያ ይገኛል።

ከፍተኛው ሥጋት የደረሰው ግን በኩባንያው እጅ በነበረው ስብስብ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች፣ የሥራ መዝገቦችንና ከታይታኒክ አደጋ ጋር የተያያዙ የራዲዮ መልእክቶችን የያዘው ይህ ስብስብ በ1997 በለንደን በጨረታ ሊሸጥ ታቅዶ ነበር። የማርኮኒ ቤተሰብና የታሪክ ባለሙያዎች ባሰሙት ተቃውሞ ጨረታው ተሰረዘ። በ2004 ስብስቡ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተበረከተ፤ መሣሪያዎቹ ወደ ሳይንስ ታሪክ ሙዚየም፣ ሰነዶቹ ደግሞ ወደ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገቡ።

የስብስቡ ጥቅም መሣሪያውና ሰነዱ አብረው በመቆየታቸው ላይ ነው። ራዲዮን ማን ፈጠረ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል፤ የሩሲያው ፖፖቭ፣ የሕንዱ ቦስ፣ የእንግሊዙ ሎጅና በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ቴስላ ድርሻ ነበራቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1943 ከማርኮኒ ዋና ዋና የፈጠራ መብቶች የአንዱን ከፊል የቀደሙ ሥራዎችን በመጥቀስ ውድቅ አድርጓል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ መርምሮ ለመፍረድ የሚቻለው መሣሪያውና መዝገቡ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው።

አሮጌ የራዲዮ መሣሪያ ለሚገኝበት ሁሉ

በኢትዮጵያም በመኖሪያ ቤቶች፣ በመሥሪያ ቤት መጋዘኖችና በቀድሞ ጣቢያዎች አሮጌ የራዲዮ መቀበያዎች፣ ማሠራጫዎች፣ ማይክሮፎኖችና የድምፅ መቅረጫዎች ሊገኙ ይችላሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚለው ጥንታዊ ሐውልትንና የብራና መጽሐፍን ብቻ ሳይሆን፣ ለሳይንስ፣ ለታሪክና ለባህል ከፍተኛ ዋጋ ያላቸውን ሌሎች ነገሮችም ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለብረት ለቃሚ ከመሸጡ ወይም ከመጣሉ በፊት የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ቢደረጉ መልካም ነው፦

1. መሣሪያውን ለመሞከር ከኤሌክትሪክ ጋር አለማገናኘት። በውስጡ ያሉ ያረጁ ክፍሎች ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ ማሠራጫዎችም ለሕይወት የሚያሰጋ ከፍተኛ ቮልቴጅ አላቸው።

2. ለማሳመር ተብሎ ቀለም አለመቀባት፣ አለመፈተግና የመጀመሪያ ክፍሎቹን በአዲስ አለመለወጥ። ጭረቱና ጥገናው ራሱ የታሪኩ አካል ነው።

3. ከእርጥበት፣ ከአቧራና ከፀሐይ ብርሃን መከለል። እርጥበት ብረቱን ያዝጋል፣ እንጨቱንም ያጣምማል፤ ብርሃን ጥቁር የኢቦናይት ክፍሎችን ያደበዝዛል።

4. የአምራቹን ስምና ቁጥር የያዘውን ሰሌዳ አለማንሣት፤ የአጠቃቀም መመሪያውን፣ የጥገና መዝገቡንና ፎቶግራፎቹን ከመሣሪያው ጋር አንድ ላይ ማቆየት።

5. መሣሪያው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራበትና እስከ መቼ እንዳገለገለ በጽሑፍ መመዝገብ። በመሣሪያው የሠሩ ባለሙያዎች በሕይወት ካሉ ትዝታቸውን በጊዜ መቅዳት።

6. በአቅራቢያ ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለሙዚየም ማሳወቅና ስለ ምዝገባ ማማከር።

የኤሌትራ ስባሪ በተቆራረጠበት ዘመን የሪትሏ ጎጆ ሳትፈርስ የቆየችው አገልግሎት ላይ ስለነበረች ነው፤ የኩባንያው ስብስብ ያልተበተነው ደግሞ በጊዜው የተናገሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለሙዚየም የሚበቃ መሣሪያ አስቀድሞ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መጋዘን ጥግ ይገኛል። በዚያ ሳለ የሚደረግለት ጥንቃቄ መጪው ትውልድ የሚያገኘውን ማስረጃ ይወስናል።